መጫወቻ ስለ መግዛት

የምግባር ነገር በሚጻፍበት መጽሐፍ ውስጥ ስለ እውነት፥ ስለ ትዕግሥትና ስለ ወላጅ ክብር እንጂ ስለ ልጆች መጫወቻ ሊጻፍ አይገባም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አሳቡ ከሩቅ ሲያዩት ትክክል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ቀርበው ሲመረምሩት አይጸናም። አንድን ወጣት ስለ ሀገር አስተዳደር ወይም ስለ ሰፊ ርስት ክፍፍል ውሳኔ ስጥ ብሎ የሚጠራው የለም። በገዛ እጁ ሠርቶ ያገኘውን ጥቂት ገንዘብ በምን ላይ እንደሚያውለው ግን ራሱ ይወስናል። የኋላ ጠባዩ የሚሠራው እንግዲህ በዚያች በትንሿ ገንዘብ ነው።

ባለጠጋ መጫወቻ ሲገዛ አይመርጥም፤ ይወስዳል እንጂ። ሦስት ዓይነት ቢያቀርቡለት ሦስቱንም መውሰድ ይችላልና አንዱን ስላነሣ ሌላው አይቀርበትም። ገንዘቡ ያነሰ ሰው ግን አንዱን ሲያነሣ ሌላውን ያስቀምጣል፤ ያስቀመጠውንም ነገር ስሙን ያውቀዋል። ስለዚህ ምርጫ የሚባለው ነገር በእውነቱ የድኻና የመካከለኛ ሰው ሥራ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

የምናገርለት መጫወቻ በእጅ ተይዞ የሚጫወቱበት የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው፤ ልጆች ባጭሩ ጌም ይሉታል። እኩዮቼ የሆኑ ሽማግሌዎች ይህን ስም ሲሰሙ ፊታቸውን ያጨፈግጋሉ፤ ጊዜ ያባክናል፥ ዐይን ያደክማል፥ ትምህርት ያስረሳል ይላሉ። ልክ ያለፈ ነገር ሁሉ እንዲሁ ነው። ገበጣ ሲጫወቱ ሰብል ያስበሉ እረኞች ብዙ ነበሩ፤ ስለዚህ ብሎ ገበጣን ያወገዘ ሰው ግን አላየሁም። ጨዋታ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ክርክር ለሌሎች ትቼ፥ ሊገዛ የቈረጠ ሰው በልኩ እንዴት ይምረጥ ወደሚለው አልፋለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልኝ።

በ2024 ዓ.ም. በክረምት ወራት፥ በአሜሪካ ሀገር በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ጻፈልኝ። እናቱን በልጅነቷ ያስተማርኋት ስለ ሆነ «ጋሼ» ይለኛል። ቅዳሜና እሑድ በአንድ የምግብ ሸቀጥ መደብር እየሠራ 300 ዶላር አጠራቅሟል። ሊገዛ የፈለገው ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚሠራውን ስዊች የሚሉትን መጫወቻ ነው። ይህም መጫወቻ በዚያ ጊዜ በሦስት ዓይነት ይሸጥ ነበር፤ ላይት የሚሉት ትንሹ 200 ዶላር፥ መካከለኛው 300 ዶላር፥ ኦሌድ የሚሉት ባለ ደማቅ መስታወት 350 ዶላር ነበር። በእውነቱ በሦስቱም ላይ የተጻፈው ዋጋ አንድ ሳንቲም ይጐድለዋል፤ 200 ሳይሆን 199 ከ99 ሳንቲም ይላል። ይህቺ አንዲት ሳንቲም ለገዢው የተደረገች ቸርነት እንዳይደለች ለአንባቢዎቼ መንገር አያስፈልገኝም።

የሦስቱን ልዩነት ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ላይት ክብደቱ 275 ግራም ያህል፥ የመስታወቱም ስፋት 5.5 ኢንች ነው፤ ከኪስ ይገባል ማለት ይቻላል። መካከለኛው 400 ግራም ያህል ሲመዝን መስታወቱ 6.2 ኢንች፥ የኦሌዱ ደግሞ 7 ኢንች ነው። ዋናው ልዩነት ግን መጠኑ አይደለም። ሁለቱ ትልልቆቹ ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኛሉ፤ ግራና ቀኝ ያሉት ጆይስቲኮችም ከአካሉ ተነቅለው አንዱን አንድ ሰው፥ ሌላውን ሌላ ሰው ሊይዘው ይችላል። ላይት ግን ከቴሌቪዥን ጋር ከቶ አይገናኝም፤ ጆይስቲኮቹም ከአካሉ ጋር አብረው የተሠሩ ስለ ሆኑ አይነቀሉም። ሌላ ጆይስቲክ ለብቻው ተገዝቶለት በትንሿ መስታወት ላይ ለሁለት መጫወት ይቻላል፤ ነገር ግን ያ ሌላ ወጪ ነው፥ የሚመችም ነገር አይደለም። ባጭሩ ላይት የአንድ ሰው መጫወቻ፥ ሌሎቹ የቤት መጫወቻ ናቸው።

ልጁ እንዲህ ሲል ጽፎልኝ ነበር፤ ላይቱ ይበቃኛል፥ መቈጠብም ጥሩ ነው፥ እርስዎም ይህን የሚያመሰግኑልኝ ይመስለኛል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ደግሞ እንደ ቀላል ነገር አድርጎ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመረ፤ ከቴሌቪዥን ጋር ስለማይገናኝ እኅቴ አትወስድብኝም የሚል ነበር። እኅቱ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ሒሳቡን በመጀመሪያ እንየው፤ ሒሳብ ቀላሉ ነውና። በሜሪላንድ ግዛት በዕቃ ዋጋ ላይ ከመቶ ስድስት የሽያጭ ግብር ይጨመራል። 300 ዶላር የተባለው መካከለኛ ስዊች ከመደብሩ የሚወጣው በ318 ዶላር ነበር፤ የልጁ ገንዘብ አይበቃም ነበር። ላይቱ ደግሞ 212 ዶላር ይሆን ነበር። ያለ ጌም መሣሪያው ዝም ያለ ሳጥን ነው፤ አንድ አዲስ ጌም በዚያን ዘመን ብዙ ጊዜ 60 ዶላር፥ ከነግብሩ 63 ዶላር ከ60 ሳንቲም ያህል ነበር። እንግዲህ ላይቱን ከአንድ ጌም ጋር ገዝቶ ከ300 ዶላሩ 24 ዶላር ያህል ይተርፈው ነበር። በሒሳብ ብቻ የሚፈርድ ሰው ነገሩ አለቀ ይላል፤ አቅምህ ላይት ነው፥ ላይት ግዛ።

እኔ ግን ከዚያች ከታች ከተጻፈችው ዐረፍተ ነገር ላይ ዐይኔን ማንሣት አልቻልሁም። ይህን ስል ልጁን ልወቅሰው አይደለም። የሚኖሩት ሁለት ክፍል ባለው ቤት ውስጥ ነው፤ ከእኅቱ ጋር በአንድ ክፍል ያድራል፤ ከሚያገኘው ደመወዝም የስልኩን ወጪ ራሱ ይከፍላል፥ ለእናቱም ይረዳል። ሁሉን ነገር የሚካፈል ልጅ አንዲት ነገር የራሴ ብቻ ትሁን ቢል ምኞቱ ከክፋት የመጣ አይደለም። አንዳንድ መካሪዎች እንዲህ ያለውን ልጅ ወዲያው ስስታም ብለው ይገሥጹታል፤ እኔ ግን ሁሉን አካፍል የሚል ምክር ብዙ ጊዜ የራሱ ክፍል፥ የራሱ በርና ቍልፍ ካለው ሰው አፍ ሲወጣ ሰምቻለሁ።

ታዲያ ችግሩ ምንድር ነው? ችግሩ ያ ምኞት ቁጠባ የሚባል ልብስ ለብሶ መምጣቱ ነው። ለብቻዬ እንዲሆን እፈልጋለሁ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ገንዘቤን ልቈጥብ ማለት ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ሊነገሩ ይችላሉ፤ አንዱ በሌላው ስም ሲጠራ ግን ሰው ራሱን ማታለል ይለምዳል። ይህም ልማድ በመጫወቻ ላይ አይቆምም። ዛሬ በአንድ መቶ ዶላር የተለማመደውን ነገ በደመወዝ፥ ከዚያም በውርስ ላይ ያደርገዋል፤ ዘመዱን ላለመርዳት የፈለገ ሁሉ «አቅም የለኝም» ሲል አልሰማንምን? አቅም የሌለውና ፈቃድ የሌለው ሰው በአንድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ ለይቶ የሚያውቃቸው የራሳቸው ልብ ብቻ ነው።

ወደ ላይኛውም በኩል እንዲሁ ያለ ነገር አለ። ባለ ደማቅ መስታወቱን የሚመኝ ልጅ «ለዐይኔ ይሻለኛል፥ ዕድሜውም ይረዝማል» ይላል። ይህ እውነት የሚሆንበት ሰው ይኖራል። ነገር ግን ስንቱ ነው በልቡ ጓደኞቼ ሲያዩት ይደነቁ የሚለው? ጓደኛን ለማስደነቅ መግዛት ሞኝነት ይሁን እንጂ ወንጀል አይደለም፤ እንደዚያ ከሆነ ግን ሃምሳው ዶላር የወጣው ለመስታወቱ ሳይሆን ለመደነቁ መሆኑን አውቆ ይክፈል።

ለልጁም የመለስሁለት ይህንኑ ነበር። ላይትን መግዛት ትችላለህ፤ ገንዘቡ የላብህ ዋጋ ነው። ነገር ግን ለእኅትህ ገንዘብ ስላነሰኝ ነው አትበላት፤ የራሴ የሆነ ነገር ስለ ፈለግሁ ነው በላት። ይህን ፊት ለፊት ለመናገር ካልደፈርህ፥ ያላስደፈረህ ነገር ምን እንደ ሆነ መርምር። እኔ ብሆን ግን ሁለት ወር ጠብቄ፥ ወይም ያገለገለ መካከለኛ ስዊች ፈልጌ፥ በእሑድ ከሰዓት በኋላ ከእኅቴ ጋር በቴሌቪዥኑ ፊት እቀመጥ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከወንድሟ ጋር ልትጫወት የምትለምንበት ዘመን አጭር ነው፤ ዐሥራ ሦስት ሲሞላት እርሱ ይለምናታል፥ እርሷም ጊዜ የለኝም ትለዋለች።

ልጁ ምክሬን በከፊል ተቀበለ። ላይቱን ገዛ፤ ለእኅቱም የራሱ መሆኑን በግልጽ ነገራት፤ እርሷም አለቀሰች፥ ከዚያም ረቡዕና ዓርብ አንድ አንድ ሰዓት እንድትጫወትበት ውል አደረጉ። እኔ ከምመርጠው የተለየ ነው፤ ቢሆንም በዚህ ውል ውስጥ ሐሰት ስለሌለበት አከብረዋለሁ።

በሌላ በኩል ደግሞ ርካሽ የተባለው ሁሉ የሚናቅ እንዳልሆነ ለማሳየት የዚህን መጫወቻ ጥንተ ነገር ላንሣ። ኒንቴንዶ በ1889 ዓ.ም. በኪዮቶ ከተማ የመጫወቻ ካርታ ለመሥራት የተቋቋመ ድርጅት ነበር። በ1965 ዓ.ም. ጉንፔ ዮኮይ የሚባል ወጣት የካርታ መሥሪያ መኪናዎችን እንዲጠብቅና እንዲጠግን ተቀጠረ። ይህ ሰው አንድ ቀን በባቡር ሲጓዝ አንድ መንገደኛ ጊዜውን ለማሳለፍ የሒሳብ ማስሊያ መሣሪያውን እየነካካ ሲጫወት አይቶ፥ በኪስ የሚያዝ መጫወቻ የመሥራት አሳብ እንደ መጣለት ይተረካል። በ1980 ዓ.ም. ትንንሾቹ መጫወቻዎች ወጡ፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ጌም ቦይ የተባለው ወጣ።

ጌም ቦይ በወጣበት ዘመን ባለ ቀለም መስታወት መሥራት የማይቻል ሆኖ አልነበረም። አታሪ የተባለው ኩባንያ በዚያው ዓመት ሊንክስ የተባለውን፥ ሴጋ ደግሞ በ1990 ዓ.ም. በጃፓን ጌም ጊር የተባለውን ባለ ቀለም መጫወቻ አውጥተዋል። የጌም ቦይ መስታወት ግን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፥ ቀለምም ብርሃንም የሌለው ነበር፤ በጨለማ አይታይም። ዮኮይ ይህን ያደረገው አውቆ ነው። የእርሱ አሳብ የቅርቡን ጥበብ ከማሳደድ ይልቅ የቆየውን፥ ጠባዩ የታወቀውንና ዋጋው የወረደውን ጥበብ ወስዶ በአዲስ መንገድ መጠቀም ነበር። ውጤቱንም ተመልከቱ፤ ጌም ጊር ስድስት የባትሪ ድንጋይ በልቶ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ሲጫወቱበት፥ ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ ከዐሥር ሰዓት በላይ ይሠራ ነበር። በአሜሪካ ገበያ ሊንክስ 180 ዶላር ያህል፥ ጌም ጊርም 150 ዶላር ያህል ሲጠየቅበት፥ ጌም ቦይ በ90 ዶላር ይገኝ ነበር። በመጨረሻ ጌም ቦይ ከኋላ ከመጣው ባለ ቀለም ወንድሙ ጋር ከ118 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ፥ ጌም ጊር 10 ሚሊዮን ገደማ ላይ ቀረ።

ይህን ታሪክ የምወድበት ምክንያት ሠሪው ራሱ እንደ ድኻ ገዢ ማሰቡ ነው። ለምን እንደሚፈለግ አስቀድሞ ጠየቀ፤ ለመንገድ፥ ለአልጋ፥ ለትምህርት ቤት ዕረፍት መሆኑን አወቀ፤ ከዚያ ቀለምን ትቶ ረጅም ሰዓት መረጠ። የተወውንም ነገር ለምን እንደ ተወው ማስረዳት ይችል ነበር። በሚገዛም ሰው ዘንድ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ኒንቴንዶ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ሌላ መጫወቻ ላይም ይኸው አሳብ ታይቷል። ስሪ ዲ ኤስ የተባለው መጫወቻ ስሙን ያገኘው ሥዕሉን ያለ መነጽር ጐድጓዳ አድርጎ በማሳየቱ ነበር፤ በኋላ ግን ያንኑ ስም የሰጠውን ነገር አውጥተው፥ መታጠፊያውንም አስቀርተው፥ ቱ ዲ ኤስ ብለው በ130 ዶላር ሸጡት። ጌሞቹ ያው ጌሞች ናቸው። ጐድጓዳውን ሥዕል ለማየት ሳይሆን ለመጫወት ለፈለገ ልጅ ምንም አልጐደለበትም።

ስለ መቸኰልም አንድ ነገር ልበል። ይኸው ስሪ ዲ ኤስ በአሜሪካ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ሲወጣ 250 ዶላር ነበር። አምስት ወር ሳይሞላ በነሐሴ ወር ወደ 170 ዶላር ወረደ። ቀድመው ለገዙት ኩባንያው ሃያ የቆዩ ጌሞች በነጻ ሰጥቶ አጽናናቸው፤ ሰማንያው ዶላር ግን አልተመለሰም። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ መጠበቅ ሁልጊዜ ያተርፋል የሚል ሰው ቢኖር እርሱም ይሳሳታል። በሰኔ 2025 ዓ.ም. ሁለተኛው ስዊች በ450 ዶላር ወጣ፤ ብዙዎች አሁን የአሮጌው ዋጋ ይወርዳል ብለው ጠበቁ። በነሐሴ ወር ግን በአሜሪካ የአሮጌዎቹ ዋጋ ጨመረ እንጂ አልወረደም፤ ላይት 230፥ መካከለኛው 340፥ ኦሌዱ 400 ዶላር ሆነ። ስለዚህ ጠብቅ የምለው ዋጋ እንዲወርድልህ አይደለም። በሁለት ወር ውስጥ ምኞትህ ራሱ ይጸናል ወይም ይጠፋል፤ የጠፋ እንደ ሆነ ሦስት መቶ ዶላር አተረፍህ፥ የጸና እንደ ሆነ ደግሞ ምን እንደምትፈልግ ዐውቀህ ትገዛለህ።

በብድር መጫወቻ መግዛትን ግን ጨርሶ አልወደውም። በአሜሪካ ዛሬ ውሰድ፥ ዋጋውን በአራት ጊዜ ክፈል የሚል አገባብ ተለምዷል። ለመድኃኒት፥ ለትምህርት፥ ለቤት ኪራይ የተበደረን ሰው አልፈርድበትም። ለመጫወቻ የተበደረ ሰው ግን የሚጫወተው ገና ባልሠራው ሥራ ደመወዝ ነው።

በመደርደሪያው ላይ የማይጻፍ ዋጋም አለ። ሶኒ የተባለው ኩባንያ በ2012 ዓ.ም. በአሜሪካ ቪታ የተባለውን መጫወቻ በ250 ዶላር ሲያወጣ መስታወቱ እጅግ ያማረ ነበር። ነገር ግን ለአብዛኛው ጌም የሚያስፈልገው የማስቀመጫ ካርድ ለብቻው ይሸጥ ነበር፤ እርሱም በየሱቁ የሚገኘው ተራ ካርድ ሳይሆን ኩባንያው ለዚህ ብቻ የሠራው ነው። ትልቁ ባለ 32 ጊጋባይት 100 ዶላር ያስከፍል ነበር። 250 ዶላር ቈጥሮ የሄደ ልጅ ሱቅ ውስጥ ሲደርስ ምን እንደ ተሰማው መገመት አያስቸግርም። እንግዲህ የመሣሪያውን ዋጋ የሚጠይቅ ሰው የካርዱን፥ የጌሙን፥ የግብሩን፥ የጥገናውንም አብሮ ይጠይቅ። በስዊች ላይ በአውራ ጣት የምትገፋው ዘንግ ውላ አድራ መበላሸቷ፥ ሳትነካ ባለ ታሪኩን ወደ አንድ ወገን መንዳቷ በሰፊው የታወቀ ነው። በመካከለኛው ላይ ይህ ቢደርስ ጆይስቲኩን ነቅሎ እርሱን ብቻ ማስጠገን ይቻላል፤ በላይት ላይ ግን መሣሪያው በሙሉ ወደ ጠጋኝ ይሄዳል። ርካሹ ሲበላሽ ውድ የሚሆንበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ጌሙን በካርድ ወይስ ከኢንተርኔት አውርዶ መግዛት ይሻላል ለሚለው ጥያቄ፥ ገንዘቡ ላነሰ ሰው ካርድ ይሻላል የሚል አሳብ አለኝ። ካርድ ይዋሳል፥ ይሸጣል፥ ለታናሽ ይተላለፋል፤ በአሜሪካ አንዳንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ከመጻሕፍት ጋር ጌም ያውሳሉ። የወረደው ግን ከገዢው መዝገብ ጋር የታሰረ ስለ ሆነ ተሽጦ ገንዘብ አይመልስም። የስሪ ዲ ኤስ የኢንተርኔት ሱቅ በመጋቢት 2023 ዓ.ም. ተዘግቷል፤ ቀድሞ የገዛ ሰው የገዛውን መልሶ ማውረድ ቢችልም አዲስ መግዛት ግን ቀረ። ካርዱ ያለው ሰው ግን ዛሬም ሽጦ ሌላ ይገዛል። በሁለተኛው ስዊች ደግሞ በውስጣቸው ጌሙ የሌለባቸው፥ ማውረጃ ቍልፍ ብቻ የያዙ ካርዶች መጥተዋልና በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ ለድኻ ልጅ ትልቁ ፈተና ወደ ሆነው ነገር ልግባ። በጣም በርካሽ የሚሸጡ፥ በውስጣቸው በሺህ የሚቈጠሩ የቆዩ ጌሞች ተጭነውባቸው የሚመጡ ትንንሽ መጫወቻዎች አሉ። መሣሪያው ራሱ ኀጢአት የለበትም፤ በሕግ የተገኘ ጌም ሊጫወቱበት ይችላሉና። ነገር ግን እነዚያ በሺህ የሚቈጠሩ ጌሞች ብዙውን ጊዜ ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ የተገለበጡ ናቸው። ወጣቶች ስለዚህ ነገር ስንነጋገር «ኩባንያው ባለጠጋ ነው፥ ምን ይጐዳዋል?» ይሉኛል። መልስ ያጣሁለት ጥያቄ አይደለም። ከጌም ቦይ ጋር በአሜሪካ አብሮ ይሸጥ የነበረውን ቴትሪስን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የፈጠረው አሌክሲ ፓዢትኖቭ የተባለ ሰው ነው፤ በ1984 ዓ.ም. በሞስኮ ነበር። ጨዋታው ዓለምን ዞሮ ብዙዎችን ሲያበለጽግ፥ መብቱ በሶቪየት መንግሥት እጅ ስለ ነበረ ፈጣሪው የድርሻውን ማግኘት የጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ማለት ነው። ልጁን ይህን ስነግረው ያሳዝናል ይላል፤ ያሳዝናል ያለው ልጅ ታዲያ ያልተከፈለበትን ጌም ሲጭን ከፓዢትኖቭ ደመወዝ ከከለከሉት ሰዎች ጋር በአንድ ወንበር ላይ መቀመጡን አያስተውልም። አቅም ማነስ ትንሽ ለመግዛት ምክንያት ይሆናል፤ የሰው ላብ በነጻ ለመውሰድ ግን ምክንያት አይሆንም። ከሺህ ከተገለበጡት ይልቅ የተከፈለባቸው ሁለት ጌሞች ያሉት ልጅ ሁለቱን እስከ መጨረሻቸው ይጫወታቸዋል፤ ሺህ ያለው እያንዳንዱን አምስት አምስት ደቂቃ ነካክቶ ሰለቸኝ ሲል አይቻለሁ።

ከተገዛም በኋላ ሥራው አያልቅም። አንዳንድ ልጆች መሣሪያውን ይዘው ቤት ከገቡ በኋላ ያልገዙትን ሲያነጻጽሩ፥ የሌላውን መስታወት ሲለኩ፥ ስለ እርሱ የተነገረውን ሲያነቡ ይውላሉ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል ማለት ይህ ነው። ለዚህ የማውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ ከመግዛትህ በፊት ምክንያትህን በወረቀት ላይ ጻፍ። ለምሳሌ «በአውቶቡስ በቀን ሁለት ሰዓት እጓዛለሁ፥ ቴሌቪዥን የለንም፥ ስለዚህ ላይት» ብለህ ጻፍ። ሌላው ሲያምርህ ወረቀቱን አውጥተህ አንብበው። አውቶቡሱ ካልተለወጠ ምርጫውም አይለወጥም።

ያገለገለ መሣሪያ ልግዛ ለሚል፥ እኔም እርሱን ስለምመርጥ፥ የማውቀውን ጥቂት ነገር ልጨምር። መካከለኛው ስዊች መልኩ ሳይለወጥ በሁለት ዓይነት ተሠርቷል። የ2017ቱ በአንድ ሙሌት ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል፥ የ2019ኙ ደግሞ ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይሠራል። የሞዴሉን ቍጥር ፈልገህ አንብብ፤ 001 ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ነው፥ ከ001 ቀጥሎ በቅንፍ 01 ካለበት የኋለኛው ነው። ሁለቱን በአንድ ዋጋ የሚሸጥ ሻጭ አይጠፋም። ከዚያ አብራው፤ ዘንጎቹን ሳትነካ ጥቂት ጠብቅና በመስታወቱ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር እንዳለ እይ። ኃይል መሙያውን ሰካው፥ መሙላቱንም አረጋግጥ። ካርድ አስገብተህ አስነሣው። ከኢንተርኔት ጋር አገናኘው፤ ባለቤቱ ባጠፋው ጥፋት ከኩባንያው አገልግሎት የታገደ መሣሪያ ከአዲሱ ገዢ ጋርም እንደ ታገደ ይኖራልና። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ሻጩ ሩብ ሰዓት ሊሰጥህ ካልወደደ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፍ።